ደሴ ፒያሳ ያለው የኒሻን ሱቅ፦ የሚያብረቀርቀውን እለፉት፣ ቆርቆሮውን ጠይቁ

ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጠገራ ብር፣ የድሮ ሬዲዮና ፋኖስ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ታፔላ የለውም፤ እኛም ስም አንሰጠውም። ለግምገማ ያበቃው ሦስት የመስታወት ሳጥን ሙሉ የጦርነት ዘመን ኒሻን፣ ሜዳይና የማዕረግ ምልክት መያዙ ነው። ፍርዳችን ይህ ነው፦ የኢትዮጵያው ሳጥን ጥሩ ነው፤ የጣሊያኑ ከፎርጅድ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ከባንኮኒው ሥር ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ ከሦስቱም ይሻላል።

ደሴ ላይ ይህ ዕቃ መብዛቱ አያስገርምም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ጣሊያን ገባ፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በኮምቦልቻ በኩል መጥተው ከተማዋን ያዙ። ሻጮች ይህን ታሪክ ስለሚያውቁ «ከኮምቦልቻ ምሽግ የወጣ ነው» የሚለው ቃል ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ ይሰጣል። ቃሉን በነፃ ተቀበሉ፣ ገንዘብ ግን አትክፈሉበት።

ከጣሊያኑ ሳጥን እንጀምር፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ነው። በብዛት ያለው የጦር ሜዳ ውለታ መስቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የተቋቋመ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ከጫፍ ጫፍ 38 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ሪባኑ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ነጭ መስመር ያለው። ከላይኛው ክንድ ላይ ያለውን የተጠላለፈ ፊደል አንብቡ። የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ምልክት ከነዘውዱ መሆን አለበት። በቦታው የላቲን አር እና አይ ካለ የሪፐብሊኩ ነው፤ ጣሊያን ንጉሥ ያጣችው እ.ኤ.አ. በ1946 ስለሆነ ደሴ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ሊወድቅ አይችልም። በሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በአንድ ዋጋ ተቀምጠዋል።

ቀጥሎ ካሊፐር (በሚሊ ሜትር የሚለካ ባለ መንጋጋ መለኪያ) አውጡ። የመጀመሪያው ዕቃ በብረት ማኅተም ተመትቶ የወጣ ነው። ፎርጅዱ ደግሞ ኦሪጅናሉ አሸዋ ወይም ጎማ ላይ ታትሞ፣ ቀልጦ የፈሰሰበት ነው። የፈሰሰ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ስለሚሸማቀቅ 38 የነበረው 37 ተኩል ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። ዓይንም ይረዳል፦ በአሥር እጥፍ ማጉያ ሲታይ የፊደሉ ጠርዝ የሟሟ ሳሙና ይመስላል፣ ባዶው ገጽ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጠርዙ ዙሪያ ደግሞ የሞርድ ጭረት ይታያል። ማግኔት ብቻውን አይበቃም። ነሐስ በማግኔት አይሳብም፤ የፈሰሰው ፎርጅድም አይሳብም። ማግኔት የሚያጋልጠው ነሐስ የተቀባ ብረትን ብቻ ነው፤ የኋላው ስፒል ቢሳብ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም።

የክፍለ ጦር መታሰቢያ ሜዳዮች ላይ የፋሺስት ዘመን ቁጥር፣ ማለትም ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ወዲህ የተቆጠረው ዓመት፣ በሮማውያን አሃዝ ይጻፋል። ቁጥሩ የሚለወጠው በፈረንጅ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከፈረንጁ ዓመት 1922 ቀንሱ፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር ከሆነ አንድ ጨምሩ። 1936 ከ14 ወይም ከ15 ጋር ብቻ ይሄዳል። በሳጥኑ ውስጥ 1935ን ከ16 ጋር ያጋባ ሜዳይ አለ፤ ቀራጩ ከቁጥር ጋር ተጣልቷል። ፋሽዮ (የፋሺስቶች ምልክት የሆነው፣ መጥረቢያ ያለበት የበትር እስር) ላይ የተጠመጠመ ቀይ ኤም ያለበት የኮሌታ ምልክትም አለ። ያንን ምልክት የለበሱት ሻለቃ ጦሮች የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ ነው፤ ደሴ ግን ከወራት በፊት ከጣሊያን እጅ ወጥታለች። ዕቃው ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ ከአውሮፓ የመጣ እንጂ የወሎ አይደለም።

የኢትዮጵያው ሳጥን ላይ ልብ ይረጋጋል። የአርበኞች ሜዳይ፣ የስደት ሜዳይና የድል ኮከብ ይገኛሉ። የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ወይም የአዲስ አበባው ጌጣጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ስም በዕቃው ወይም በሳጥኑ ክዳን ላይ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሳጥኑ ግን ለብቻው ሊገዛ ስለሚችል ሜዳዩ በቬልቬቱ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ መግባቱን ሞክሩ። ከሁሉም የሚበልጠው የምስክር ወረቀቱ ነው። ከወረቀቱ ጋር የመጣ ሜዳይ ታሪክ አለው፤ ሻጩ ግን ወረቀቱን ለይቶ በሌላ መሳቢያ ያስቀምጣል፤ ካልጠየቃችሁ አያወጣውም።

የኮፍያና የትከሻ ምልክት ስትመርጡ አንበሳውን ተመልከቱ። ዘውድ ደፍቶ፣ የዘንጉ ጫፍ መስቀል ከሆነ የንጉሡ ዘመን ነው። ዘውዱ ወልቆ፣ መስቀሉ በጦር ጫፍ ከተተካ የደርግ መጀመሪያ ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ራሱ ዕድሜው አጭር ስለነበር መናቅ አይገባውም፤ «የማይጨው ነው» ተብሎ ሲሸጥ ብቻ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሦስተኛው ሳጥን የኮርያና የእንግሊዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ በብዙ ቋንቋ ታትሟል፤ ለቃኘው ወታደሮች የተዘጋጀው ጀርባው በአማርኛ ነው። የእንግሊዝኛው በዓለም ሞልቷል፤ ስለዚህ የአማርኛውን ዋጋ አትክፈሉበት። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ 17 መስመር ነው፤ ቁጠሩት። እንግሊዞች ካወጧቸው መካከል የአፍሪካ ኮከብ ለዚህ አገር ዘመቻም ይሰጥ ነበር። ለእንግሊዝ ወታደሮች ስም ሳይጻፍበት ነው የታደለው፤ ለደቡብ አፍሪካውያን ግን ቁጥርና ስም ከጀርባው ተመትቶበታል። ስም ያለበት ቢገኝ ለደሴ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ፊደሉ በማኅተም የተመታ እንጂ በመቅረጫ የተጫረ አለመሆኑን አጣሩ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። የወታደር ቁልፍ፣ ባለ አምስት ጫፍ የጣሊያን የኮሌታ ኮከብ፣ የተሰበረ መቆለፊያ፣ ሪባን የሌለው ሜዳይ በአንድ ላይ ተዘባርቋል። ማንም አልወለወለውም፤ ማንም ፎርጅድ ሊሠራለት አልደከመም። ለጀማሪ የሚሆነው ይህ ነው። ኮከቡ የመደበኛው ጦር ምልክት መሆኑን እወቁ፤ የጥቁር ሸሚዝ ሚሊሻው በኮከብ ፈንታ ፋሽዮ ነበር የሚያደርገው። በቆርቆሮው ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ትልቁ ቅሬታችን የሳጥኖቹ ዕቃ መወልወሉ ነው። ሻጩ በሎሚና በአመድ እስኪያበራ ያሸዋል። የነሐስ ቡናማ ቆዳ ሰማንያ ዓመት የፈጀ ነው፤ ሎሚው በአምስት ደቂቃ ይገፈዋል፤ ጥልቁ ውስጥ የቀረው አሲድ ደግሞ በክረምት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ቅሬታ ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስ ነው። እየቆየ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ያመጣል። ቤት ስትገቡ አውጡት፤ ሪባኑን ለይታችሁ ብረቱን በንጹሕ አሴቶን አጽዱ፣ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት። የደሴ ጉምና የሐምሌ ዝናብ ለብረት ርኅራኄ የለውም። የሱፍ ምልክት ላይ ደግሞ ብል አለ፤ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ሁለት ሳምንት በረዶ የሚሠራበት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት።

ሪባን መፈተሽ ከፈለጋችሁ የብር ኖት የሚታይበትን ሰማያዊ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይዛችሁ ሂዱ። በዘመኑ የተሠራ ክር ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ አዲሱ ያበራል። በኦሞ የታጠበ የድሮ ሪባንም ያበራልና በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባውን ለሌላ ነገርም እዩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በነጭ ቀለም ወይም በቀለም ብዕር የተጻፈ ጥቃቅን ቁጥር፣ ወይም ተፍቆ የጠፋ የሚመስል ቦታ ካለ አትግዙ፤ ለሙዚየሙ ወይም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ። ከአገር ማውጣት ካሰባችሁ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ አያስወጣም።

ዋጋ አልተለጠፈም፤ እንደ ገዢው ዓይን ይወጣል ይወርዳል። «ጋሼ፣ የመጨረሻውን ይንገሩኝ» ከማለት በፊት የጉድለቱን ማስረጃ በካሊፐር ማሳየት ከማንኛውም ድርድር ይበልጣል፤ ሻጩ አይቆጣም፣ እንዲያውም ራሱ ተበድሮ ይለካል። ደረሰኝ ይጽፋል፤ ግን «አንድ ሜዳይ» ብቻ ነው የሚለው። የሜዳዩን ስም፣ ልኩን፣ የሪባኑን ቀለምና ከማን እንደገዛው ይጻፍበት በሉ። መብራት ሲጠፋ የሱቁ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ከሰዓት በፊት ሂዱ፤ ዕቃውንም ደጃፍ ላይ አውጥታችሁ እዩት።