የዶሮ ቤት ሽቦ በጥቅል ልትገዙ ያላችሁ፦ ጥቅሉ ሳይፈታ ብር እንዳትከፍሉ!

ዓይኑ (ቀዳዳው) ግማሽ ኢንች የሆነ ሽቦ ልትገዙ ወደ መርካቶ የምትወጡ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ውጡ። እጄ በንዴት እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አሠራራቸውን ታውቁታላችሁ። ክንድ የምታህል ናሙና ባንኮኒው ላይ ተሰቅላለች፣ ዕቃው ግን "ከመጋዘን ነው የሚመጣው"። ናሙናዋ ምንም አይወጣላትም፤ ሽቦዋ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ከተበየደ በኋላ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ዚንኩ ጠብ ጠብ ብሎ ስለደረቀ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ሻጩ ራሱ በፒንሳ እየጎተተ "ይኸው ጋሼ፣ ይሞክሩት፣ ንቅንቅ አይልም" አለኝ። ወንበር አቀረበልኝ፣ ቡና ላዝዝ አለ። 1 ሜትር ስፋት፣ 30 ሜትር ርዝመት ተባብለን ብሩ ገባለት። ከመጋዘን የመጣው ጥቅል በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ዳር ዳሩ ተሰፍቷል። ይፈታልኝ ስል "ከተፈታ መኪና ላይ አይታሰርም" ብሎ ልጆቹን አስጫነ።

ግቢ ደርሶ ከረጢቱ ሲቀደድ የወጣው ሌላ ዕቃ ነው። አናጺው አንዱን ዘንግ በፒንሳ ቆረጠ፤ አጠገቡ ያሉት ብየዳዎች ማንም ሳይነካቸው ተራ በተራ ጧ ጧ እያሉ ተላቀቁ። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ 0.7 ሚሊ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር የቃጠሎ ነጥብ አለ። ይህ ማለት መጀመሪያ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ነው፣ ኋላ ነው የተበየደው፤ ብየዳው ዚንኩን አቃጥሎ ብረቱን ራቁቱን አስቀርቶታል። ዶሮ ቤት ውስጥ ደግሞ የጉዝጓዙ እርጥበትና ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያ አለ። ዝገቱ ከዚያችው ነጥብ ይጀምርና መጀመሪያ የሚለቀው የታችኛው ረድፍ ነው፣ ሸለምጥማጥ የሚሞክረው ደግሞ በትክክል እሱን ነው። ሁለት ሦስት መጋጠሚያ ከተላቀቀ ጭንቅላቱን ያስገባል፤ ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው አካሉ አይቸግረውም። ግማሽ ኢንች ዓይን የተመረጠው እኮ ትልቅ አይጥ እንኳ እንዳያልፍ ነው።

ቤቱ ለ50 እንቁላል ጣይ ነው። በካሬ 5 ዶሮ ሲታሰብ 10 ካሬ፣ ማለትም 4 በ2.5። ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ከሥሩ እንዳይቆፈር የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ እስከ 2.5 ሜትር ሽቦ። ዙሪያው 13 ሜትር ስለሆነ ሁለት ረድፍ 26 ሜትር ይወስዳል፤ ረድፎቹ 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉ፣ የቀረው 4 ሜትር ለበሩ ነው። ሁሉም ተሰልቶ ሞራሌው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ ጫጩቶቹ ታዘዋል። አሁን የቆመው በሽቦው ነው።

ጥቅሉን ይዤ ስመለስ "ጋሼ"ው ቀርቷል። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ፋዘር፣ ለዶሮ ነው እኮ! አንበሳ ልታስርበት ነው እንዴ?" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ናሙናዋን ከባንኮኒው አውርዶ ከኋላው አስቀመጣት፣ ዓይኔ እያየ። ደረሰኙ ላይ "ሽቦ 1 ጥቅል" ብቻ ነው የተጻፈው፤ ውፍረት የለ፣ ርዝመት የለ። ከግርጌው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም። ሰው ለፍቶ ያጠራቀመውን ብር ተቀብሎ እንዲህ መናቅ ምን ይባላል?

ካሊፐር የሌላችሁ ሚዛን ይበቃችኋል። ግማሽ ኢንች ዓይን ያለው፣ 1 በ30 ሜትር የሆነ ጥቅል ሽቦው እውነት 1 ሚሊ ከሆነ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። 0.7 ከሆነ 15 ኪሎም አይሞላም። የኔ እዚያው ሰፈር ወፍጮ ቤት ሲመዘን 14 ኪሎ ሆነ፤ ግማሹን ብረት አልሰጠኝም ማለት ነው። ሱቁ በር ላይ አስፈቱ፣ ከውስጠኛው ጫፍም ቆርጣችሁ በፒንሳ ጎትቱ፤ ላዩን ጥሩ አድርገው ውስጡን የሚያሳሱም አሉ። ውፍረቱ፣ የዓይኑ ስፋትና ርዝመቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

እንዲህ ያለ ሽቦ እጃችሁ ላይ የቀረ ደግሞ ለውጭ ግድግዳ እንዳትጠቀሙበት። ለጫጩት መለያ ወይም ለውስጥ ክፍልፋይ ይሆናል። ለውጭው ሌላ ግዙና ጠርዙን በሚስማር ብቻ አትተዉት፤ ሽቦውን ሞራሌው ላይ አንጥፋችሁ በላዩ ቀጭን ጣውላ አድርጉና በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ምቱት።

ማኅተሙም አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ደረሰኙን፣ የተላቀቀውን ቁራጭና የሚዛኑን ፎቶ ይዤ ነገ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ።