አራት ሚሊ ብለው ሁለት ተኩል ይጭኑላችኋል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለጋራዥ ክሬን (ለሞተር ማንሻ) መሥሪያ ብረት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ነገሩ ትኩስ ነው። የተቆረጠው ብረት እስካሁን ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ንዴቱም አልበረደም።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ከፊት ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ከኋላ የብረት መጋዘን፣ ባለቤቱ ስልክ ላይ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ራስ በላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋ ወረቀት። የተጠየቀው ግልጽ ነበር፦ 100 በ100 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ የግድግዳው ውፍረት 4 ሚሊ፣ ባለ 6 ሜትር አንድ ቤርጋ (ያልተቆረጠ ሙሉ ዘንግ)። 3 ሜትሩ ፓራንኮ (በሰንሰለት ዕቃ ማንሻ) የሚሰቀልበት አግዳሚ፣ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ባለ 1.5 ሜትር የእግር መሠረት። ፍርፋሪ አይተርፍም። በር ላይ የቆመውን ቱቦላሬ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለክተው አሳዩን፤ እውነትም 4 ነው። ሂሳቡ ከተከፈለ በኋላ ግን «እሱ ማሳያ ነው፣ ከውስጥ ይወጣላችኋል» ተባለ። ከመጋዘን የወጣው ጫፉ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከላይ ሲያዩት ከመጀመሪያው የማይለይ ቤርጋ ነው። ጋሪ ላይ ተጫነ፣ ሄደ።

ጉዱ የወጣው ግራይንደሩ ሲያርፍበት ነው። ዲስኩ ቶሎ አለፈ። የተቆረጠው ፊት ሲለካ 2.5 ሚሊ።

ቁራጩ ተይዞ ወደ ሱቁ ሲመለስ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ሻጩ እኛ የቆረጥነውን ንጹሕ ጫፍ አላየውም። አገላበጠና እነሱ መጋዘን ውስጥ የቆረጡትን፣ ቀለም የለበሰውን ጫፍ ያዘ። መቁረጫው በውስጥ በኩል ትርፍ ብረት አጥፎ ትቷል፤ ጣት ሲነካው ይቧጭራል። የካሊፐሩን ከንፈር እዚያ ትርፍ ላይ አሳረፈና ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ዞሮ «ይኸው፣ አራት ልትሞላ ምን ቀራት?» አለ። ሞረድ ተወሰደና ትርፉ ተጠረገ። በዚያው ካሊፐር፣ በዚያው ቦታ እንደገና ሲለካ 2.5። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁንማ ሞረድከው እኮ!» ልጅቷ ሳቀች፣ ወዛደሮቹም ሳቁ። ትርፉ ውፍረት አይደለም ተብሎ ሲነገረው «ወንድሜ፣ ብረት ብረት ነው፤ አውሮፕላን ልትሠራበት ነው?» ብሎ ስልኩን አነሳ። ደረሰኙን ብናወጣ «ቱቦላሬ 100 በ100» ይላል እንጂ ውፍረት የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። ከዚያ በኋላ ጣቱን ወደዚያች ወረቀት ቀሰረ።

ብረት ብረት ነው ለሚል ሰው ሂሳቡ ይኸው። 3 ሜትር አግዳሚ መሐሉ ላይ 500 ኪሎ ሲሰቀልበት፣ 4 ሚሊ ከሆነ በጣም በሚጨነቅበት ቦታ እያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ብረት ላይ 78 ኒውተን ገደማ ጫና ያርፍበታል። 2.5 ከሆነ 119 ይደርሳል። ተራ ብረት ታጥፎ የማይመለስበት ልክ 235 አካባቢ ስለሆነ፣ ሦስት እጥፍ የነበረው መጠባበቂያ ወደ ሁለት ወረደ ማለት ነው። መሐሉ የሚረግበውም ከ6 ሚሊ ወደ 9 ሚሊ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ጭነቱ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ዝም ብሎ የሚንጠለጠል ነገር የለም። አንድ የሞተር መቀመጫ ብሎን ሳይፈታ ተረስቶ ፓራንኮው ቢሳብ፣ አግዳሚው የሚሸከመው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን መኪናውን ጭምር ነው።

ከመታጠፍ በፊት የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ። መንጠቆው ወይም ሰንሰለቱ የሚያርፍበት የላይኛው ፊት ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ቀጥሎ የጎኑ ግድግዳ ይጨማደዳል። አንዴ ከተጨማደደ ከላይ የሠራነው ስሌት ዋጋ የለውም። 4 ሚሊም ቢሆን 8 ሚሊ ላሜራ (ጠፍጣፋ ብረት) በኮርቻ መልክ አልብሱት፤ በ2.5 ላይ ግን ኮርቻውም ብዙ አያድነውም። መሐሉን በስቶ ብሎን ማሳለፍማ ጭራሽ አይታሰብ። ብየዳውም ይለያል፦ ለ4 ሚሊ በተዘጋጀ 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድና (የብየዳ ዘንግ) ከ110 አምፔር በላይ ስትሄዱበት ቀጭኑ ይበሳል። በያጁ ቀዳዳውን ደፍኖ በቀለም ይሸፍነዋል፣ እናንተም ሥሩ ትቆማላችሁ።

እጃችሁ ላይ የቀረ ካለ ሙሉ በሙሉ አይጣልም። አግዳሚው ወደ 2 ሜትር ካጠረ 500 ኪሎው ላይ ጫናው ወደ 79 ኒውተን ይመለሳል፣ ማለትም 4 ሚሊው በ3 ሜትር ላይ ከሚያርፍበት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን 2 ሜትር ውስጥ አይሱዙ አይገባም። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ከመሬት ወደ ጠረጴዛ ለማንሳት ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ምክር ከተባለ፣ ካሊፐር አትመኑ፣ ሚዛን እመኑ። ከጎኑ ስፋት ውፍረቱን ቀንሱ፣ በውፍረቱ አባዙ፣ በ4 አባዙ፣ በ0.00785 አባዙ፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣላችኋል። 100 በ100 ባለ 4 ሚሊ 6 ሜትሩ 72 ኪሎ ገደማ ነው፤ ማዕዘኑ ክብ ስለሆነ 70 ቢመጣ አትጣሉ። ባለ 2.5 ግን 46 ነው። 46ን 70 የሚያስመስል ሞረድ የለም። የእህል ነጋዴ ሚዛን በየከተማችን ሞልቷል፤ ቤርጋው ጋሪ ላይ ከመጫኑ በፊት እዚያ ይውጣ። ደረሰኙ ላይ «ውፍረት 4 ሚሊ» ሳይጻፍ ብር አትቁጠሩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለ ዕቃው ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ንግድ ቢሮ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ደረሰኝ ነው።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሞተር አትስቀሉበት። 500 ኪሎ ለሚያነሳው 625 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል በቆሎና ሩብ፣ በጠንካራ ጣውላ ላይ አስራችሁ ከመሬት 10 ሳንቲም ብቻ አንሱና አሥር ደቂቃ ተዉት። ሥሩ ማንም አይቁም። ካወረዳችሁ በኋላ አግዳሚው ላይ ክር ወጥሩ፤ መሐሉ ረግቦ ከቀረ ብረቱ ሌላ ነው።