ኦኤስኤምኤንኤክስ፦ የሰፈር ቅያስ ምን ያህል እንደሚገናኝ የሚለካ ነጻ መሣሪያ

መርካቶ ውስጥ አንድ ቅያስ ቢዘጋ በሚቀጥለው ይታለፋል። በአዲስ አበባ ዳር በተሠሩ ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ግን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው በር አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህን ልዩነት በቁጥር ለማየት የከተማ ፕላን ተመራማሪው ጆፍ ቦይንግ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሠራው ኦኤስኤምኤንኤክስ ከተባለው ሶፍትዌር የተሻለ ነጻ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ካርታውን በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነጻ የዓለም ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ አውርዶ የመጋጠሚያዎችን ብዛት፣ በአንድ መጋጠሚያ ስንት መንገድ እንደሚገናኝና መውጫ የሌላቸውን መንገዶች ድርሻ ያወጣል። አንድን ሰፈር ለመለካት ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

ሰፈሩን በስም መጥራት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ካርታው ላይ ስሙ በነጥብ እንጂ በወሰን አልተመዘገበም። የመሃል ነጥብና 1,000 ሜትር ርቀት መስጠት ይሻላል። ጠርዝ ላይ የተቆረጠ መንገድ እንደ ዝግ መንገድ እንዳይቆጠርም መሣሪያው ራሱ 500 ሜትር ጨምሮ ያወርድና ከቆጠረ በኋላ ይቆርጣል። ይህ ጥንቃቄው በጣም ያስመሰግነዋል።

መካከሉ አካፋይ ያለው መንገድ ካርታው ላይ ሁለት መስመር ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መንገዶች ሲቋረጡ አንዱ መስቀለኛ አራት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የመንገዶቹን መረብ ርቀትን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ቀይሮ ተቀራራቢ መጋጠሚያዎችን ማዋሃድ ግድ ነው። 10 ሜትር ብለው ካዘዙት በየነጥቡ ዙሪያ 10 ሜትር ስለሚወስድ እስከ 20 ሜትር የሚራራቁትን ያዋህዳል። 20 ብሎ መጀመር በጥንት ሰፈሮች የተለያዩ ቅያሶችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል።

ከመሣሪያው የመንገድ ዓይነቶች «የመኪና» የሚለውን ምርጫ ከወሰዱ የእግር መንገዶች ሁሉ ይጠፋሉ፤ የሳይቶች የውስጥ መንገድም እንደ አገልግሎት መንገድ ከተመዘገበ አብሮ ይጠፋል። አብዛኛው ሰው በእግሩ ለሚሄድባት ከተማ ትክክለኛው «የእግረኛ» ነው።

ትልቁ ወጥመድ የመጠማዘዝ መለኪያው ነው። የሚያወዳድረው የእያንዳንዱን መንገድ ርዝመት ከሁለት ጫፎቹ ቀጥታ ርቀት ጋር ብቻ ነው። ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ፣ በ50 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቤቶችን እናስብ፤ በመንገድ ለመገናኘት ግን 600 ሜትር ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል። በመሃል ያሉት መንገዶች ቀጥ ያሉ ከሆኑ መሣሪያው 1.0፣ ማለትም ምንም መጠማዘዝ የለም፣ ይላል፤ እግረኛው የሚሄደው 12 እጥፍ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 500 ጥንድ ነጥቦችን በዕጣ መርጦ አጭሩን መንገድ ማስላትና ከቀጥታው ርቀት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በርም አያይም። የሚያጣራው መንገዱን እንጂ መንገዱ ላይ ያለውን በር ስላልሆነ፣ ሌሊት የሚቆለፍ ወይም ጭራሽ የተበየደ የግቢ በር ክፍት ሆኖ ይቆጠራል። በዙሪያው ሄዶ የተዘጉትን መመዝገብና ከመረቡ ማውጣት የተጠቃሚው ሥራ ነው።

የከተማውን ዕድገት በዘመን ለማየት ለሚፈልግ ደግሞ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። የቆየ የኦፕንስትሪትማፕ ቅጂ ማውረድ ይቻላል፤ የሚያሳየው ግን መንገዱ መቼ ካርታ ላይ እንደተሳለ እንጂ መቼ እንደተሠራ አይደለም። የዛሬውን መረብ ከ1975 ጀምሮ በየ5 ዓመቱ የተሠራውን መሬት ከሚያሳየው የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት መረጃ ጋር ደርቦ መንገዶቹን አካባቢያቸው በተገነባበት ዘመን መከፋፈል የተሻለ ውጤት ይሰጣል።