የሳይክል ጫማ ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ፤ እኔ 8,000 ብር ተበልቻለሁ

አሁን ከደሴ መመለሴ ነው። ነገ ከሆነ ንዴቱ ይበርድና "በቃ ይቅር" ብዬ እተወዋለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ልጻፈው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር በኮርሳ (በእሽቅድምድም ሳይክል) ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት እንወጣለን። ከኛ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ያን ዳገት በስኒከር የሞከረ ያውቀዋል። ዝናብ ካለ እግር ፔዳሉ ላይ አይረጋም። ባለፈው ክረምት እግሬ አምልጦኝ ፔዳሉ ቅልጥሜን ልጦኛል። ከዚያ ወዲህ ነው እርስ በርስ የሚቆላለፍ ፔዳልና ጫማ ልግዛ ብዬ የማታ ፈረቃ እየደረብኩ ብር ማጠራቀም የጀመርኩት።

አዲስ ዕቃ አቅሜ አይደለም፤ ዩዝድ ነው የፈለግኩት። አብሮን የሚነዳ አንድ ታላቅ ወንድማችን "ባለ ሁለት ብሎኑን ግዛ" ብሎ መክሮኝ ነበር። የሺማኖ ኤስፒዲ የሚባለው ነው። ክሊቱ፣ ማለትም ጫማው ሥር በሁለት ብሎን ታስሮ ፔዳሉ የሚነክሰው ቁራጭ፣ ትንሽ ብረት ነው። ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ከሳይክል ወርዶ በእግር መሄድ አይከብድም። የባለ ሦስት ብሎኑ ክሊት ግን ፕላስቲክ ነው፤ ከሶሉ ወጥቶ ስለሚቆም ሲራመዱበት ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የሄድኩት። ከምንም በላይ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩን ባታውቁትም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ወንበር ይስባል፣ ሻይ ያዝዛል፣ "ትናንት አንዱ አሥር ሺህ ሰጥቶኝ እምቢ ብዬዋለሁ" ይላል። ባለ ሁለት ብሎን ስለው "እሱ የተራራ ሳይክል ነው፣ ያንተ ኮርሳ አይደል እንዴ?" አለኝ። ኮርሳ ላይም እንደሚገጠም አውቃለሁ። ግን ሻዩን እየጠጣሁለት መከራከር ከበደኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ፔዳሉን በግራ እጁ ያዘ። ሺማኖ ኤስፒዲ-ኤስኤል ነው፣ ባለ ሦስት ብሎኑ። በቀኙ 41 ቁጥር ጫማ አነሳ። የክሊቱን አፍንጫ አስገባና ከኋላው ተጫነው። ቀጭ! ተረከዙን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ሲያደርገው ወጣ። ደገመው። ቀጭ! በዚያ ድምፅ ነው የተሸነፍኩት። ሐረጎ ላይ ሆኜ ታየኝ።

"እኔ የማደርገው 43 ነው" አልኩት። የሱቁን ልጅ ወደ ጓዳ ላከው። ልጁ ያመጣው ጫማ መልኩ አንድ ነው፤ ጥቁር፣ ማሰሪያውም ያው። አደረግኩት፣ ልኬ ነው። አውልቄ በእጄ ይዤ "ክሊቱም ያው ነው?" አልኩ። ጠይቄያለሁ! "እናቴ ትሙት አንድ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው" አለ። ገልብጬ ሥሩን ላየው ስል ከእጄ ተቀበለኝ። በትህትና፣ ፈገግ ብሎ። ሶሉን ወደ ታች አድርጎ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተና ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ያ እጅ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። አውቆ ነው ያደረገው። እኔ ደግሞ ቆሜ አየሁት።

"በደረሰኝ ከሆነ 8,500፣ ካልሆነ 8,000" አለኝ። ለ500 ብር ስል ያለ ደረሰኝ፣ በእጅ ከፈልኩ።

ማታ ፔዳሎቹን ገጠምኩ። የግራው ጥርስ በተቃራኒ እንደሚዞር ስለማውቅ እሱ አላስቸገረኝም። ግድግዳ ተደግፌ ጫማውን ፔዳሉ ላይ ጫንኩት። አይገባም። ጉልበት ያነሰኝ መስሎኝ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። አይገባም። ያን ታላቅ ወንድማችንን ፎቶ ብልክለት ወዲያው ደወለ። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሌላ ድርጅት፣ የሉክ ኬዮ ክሊት ነው፤ ሺማኖ ላይ አይቆልፍም" አለኝ። ሁለቱም ሦስት ብሎን ናቸው፣ ጫማው ላይ ያለው ቀዳዳም አንድ ነው። የክሊቱ ቅርጽ ግን ይለያያል። ክሊቱን ብቻ ብቀይረው ጫማው ይሠራል ማለት ነው። ልፈታው ብል የብሎኖቹ ራስ አልቋል። አለን ቁልፉ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻው) ባዶውን ይዞራል።

ዛሬ ከማታ ፈረቃ ወጥቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ በሰኞ ገበያተኛ በተሞላ ሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። ሻጩ ሲያየኝ ፊቱ አልተለወጠም። ነገሩን ነገርኩት። "ጫማ ፈለግክ፣ ጫማ ሰጠሁህ። ፔዳል ፈለግክ፣ ፔዳል ሰጠሁህ። ምን ጎደለህ?" አለኝ። "ካሳየኸኝ ጫማ ላይ ያለውን ክሊት ነቅለህ ስጠኝ" አልኩት። "እሱን ነቅዬ ለሰው ምን ላሳይ?" አለ። ልጁ ከጓዳ ሆኖ ሳቀ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" በጣቱ አሳየኝና "ከፈለግክ ሁለቱንም በ2,500 እገዛሃለሁ" አለኝ። ቅዳሜ "ወንድሜ" ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ነው! ሲገዙ ዓይን ስለሌላቸው ሰዎች ሲያጉረመርም ሰማሁት።

ስወጣ አንድ ወጣት እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ደረጃው ላይ ሆኜ ከኋላዬ ሰማሁት። ቀጭ! ተመልሼ ገብቼ ወጣቱን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። አልገባሁም። አፍሬ ነበር። ለዚህ ነው አሁን የምጽፈው፤ ያ ወጣት ካነበበው ይቅር ይበለኝ።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ይዛችሁት የምትሄዱትን ጫማ ይዛችሁት በምትሄዱት ፔዳል ላይ ራሳችሁ ቆልፉት፣ ራሳችሁ ፍቱት። የብሎኑን ራስ እዩ። ብር ለሌለን ሰዎች ባለ ሁለት ብሎኑ ይሻላል። ደረሰኝም ተቀበሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። እኔ በምን ወረቀት ልጠይቅ?

ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ውስጥ ያለቀ ብሎን የሚያወጣ ጎበዝ መካኒክ፣ ወይም ትርፍ የኤስፒዲ-ኤስኤል ክሊት ያለው ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።