ኖራ፣ ጂፕሰም፣ የአጥንት ዱቄት ወይስ ፊልተር ኬክ? ለየትኛው አፈር የትኛው ይገዛ?

ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ሲወደዱ ወይም ወቅቱን ጠብቀው ሳይደርሱ ሲቀሩ፣ ገበሬውም ኅብረት ሥራ ማኅበሩም ወደ ማዕድናትና ወደ ፋብሪካ ተረፈ ምርቶች ማማተሩ አይቀርም። እነዚህ ሁሉ «የማዳበሪያ ምትክ» እየተባሉ ቢሸጡም የሚሠሩት ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አፈሩን ማስመርመር ይኖርበታል።

በደጋው፣ በተለይም በጎጃምና በወለጋ፣ ቀዳሚው ችግር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማነት ነው፤ በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው በዚሁ የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አስረው ስለሚይዙት፣ በውድ የተገዛው ኤንፒኤስ ሰብሉ ሳይጠቀምበት ይቀራል። የግብርና ኖራ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም የለውም፤ ነገር ግን አሲዱን ስለሚያረግብ የታሰረው ፎስፈረስ ለሥሩ እንዲደርስ ያደርጋል። ስለዚህ ኖራን የማዳበሪያ ምትክ ብሎ መግዛት ስሕተት ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ለአሲዳማ ማሳ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እርሱ ነው። ለሄክታር የሚፈለገው በቶን የሚቆጠር ቢሆንም አንዴ ከተጨመረ ለዓመታት ያገለግላል። ሲገዛ በጣት መካከል ታሽቶ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ መሆኑ ይታይ፤ ሻካራው ቶሎ አይሠራም። ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ካልተፍለቀለቀ አሲድ የሚያረግበው ካርቦኔት የለውም ማለት ነው። ለግንባታ የሚቃጠለው ያልበረደ ኖራ ንጹሕ ከሆነ 56 ኪሎው የ100 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በእጅ ለሚበትን ሰው አይመከርም። ኖራም ሆነ የእንጨት አመድ ከዩሪያ ጋር ተደባልቆ መበተን የለበትም፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይጠፋልና።

ጂፕሰም በመልኩ ከኖራ ጋር ቢመሳሰልም አሲድ አያረግብም። ካልሲየምና ድኝ ይሰጣል፤ ቦታው እንደ መካከለኛው አዋሽ ያለ ሶዲየም የበዛበት መሬት ነው፤ እዚያም ቢሆን ካልሲየሙ ከአፈሩ ያፈናቀለውን ሶዲየም አጥቦ የሚያወጣ ውኃና ማፋሰሻ ከሌለ ወጪው ከንቱ ነው።

የአጥንት ዱቄት እውነተኛ የፎስፈረስ ምንጭ ነው። ኤንፒኤስ በኩንታል 38 ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ (የማዳበሪያ ፎስፈረስ የሚለካበት መልክ) ሲይዝ፣ 20 በመቶ የያዘ የአጥንት ዱቄት ያንኑ ለመስጠት ሁለት ኩንታል ያህል ይፈልጋል። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ለጓሮ አትክልትና ለቋሚ ተክል ይስማማል፤ ለዘንድሮ ስንዴ ብቻውን አይበቃም። የወለጋው የቢቅላል ፎስፌት ድንጋይ ደግሞ ሳይቀነባበር እንዲሁ ከተፈጨ ከዚህም የዘገየ ነው።

ፊልተር ኬክ ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣ የጭማቂ ዝቃጭ ነው። አፈርን ያለሰልሳል፤ ፎስፈረስም አለው። ሆኖም አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ደረቁ ፊልተር ኬክ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን አለው ብንል፣ ያንኑ ያህል ለማግኘት 30 ኩንታል ግድም፣ ውኃው 70 በመቶ ከሆነ ደግሞ 100 ኩንታል ያህል መጫን ያስፈልጋል። ዕቃው ቢረክስም የአይሱዙው ኪራይ ያስወድደዋል፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ለፋብሪካው ጎረቤት ነው።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ግን ከእነዚህ ጋር ሊመደብ አይገባውም፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም በአፈር ውስጥ ስለሚከማች፣ ሻጩ የላቦራቶሪ ውጤት ካላሳየ በነፃ ቢሰጥ እንኳ አለመቀበል ይሻላል።