ሽሮፕ፣ ጋዝ ወይስ ሙሉ ማደንዘዣ? የጥርስ ሕክምና ለሚፈራ ልጅ የቱ ይሻላል

ወንበሩ ላይ ወጥቶ አፉን አልከፍትም ብሎ የሚያለቅስ የአራት ዓመት ልጅ ላለው ወላጅ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ የሚጠጣ ማረጋጊያ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ እና ሙሉ ማደንዘዣ። ሲዘረዘሩ የአንድ መድኃኒት ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ መጠን ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም።

ከሚጠጣው ልጀምር፤ ወላጅ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሚዳዞላም ሲሆን መጠኑ በልጁ ክብደት ይሰላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የተለመደ ነው፤ ልጁ የቱንም ያህል ቢከብድ ከ20 ሚሊ ግራም አይታለፍም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ዓይኑ ይከብዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፤ ሲጠሩት ግን ይመልሳል። በኋላም የሆነውን ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ምሬቱ ነው። ልጁ ግማሹን አገጩ ላይ ካፈሰሰው ምን ያህሉ እንደገባ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ በግምት መጨመር ደግሞ አደገኛ ነው። አንዴ የተዋጠውን መቀነስም አይቻልም። አንዳንዱ ልጅ በመረጋጋት ፈንታ ይቆጣል፣ ይራገጣል። ደግሞም ማረጋጊያ ሕመም አያስታግስም፤ ድድ ላይ የሚወጋው መርፌ አይቀርም። ሽሮፑ የሚሰጠው የሥራ ጊዜም አጭር ስለሆነ የሚበቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ጥርስ ነው።

ጋዙ፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 በመቶ በሆነ መጠን ይሰጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ሐኪሙ በዛ ካለ ይቀንሰዋል፣ ሲጨርስም ንጹሕ ኦክስጅን ለ5 ደቂቃ ያህል ይሰጠውና ልጁ ይነቃል። እንደ እኔ፣ ፍርሃቱ መካከለኛ ለሆነና የሚነገረውን ለሚሰማ ልጅ ከሽሮፑ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው። አምርሮ ለሚያለቅስ ልጅ ግን አይሆንም፤ የሚያለቅስ ልጅ የሚተነፍሰው በአፉ ነው፣ ጋዙ የሚገባው በአፍንጫው። አፍንጫውን ጉንፋን የደፈነበትም እንዲሁ።

ሙሉ ማደንዘዣ ብዙ ወላጆችን ያስደነግጣል፤ ወጪውም ዝግጅቱም ከሁሉም ይበልጣል። ሆኖም ስምንት ጥርስ የበሰበሰበትን ትንሽ ልጅ አራት ጊዜ ሽሮፕ እያጠጡ ከማመላለስ፣ በማደንዘዣ ባለሙያ ክትትል በአንድ ቀን መጨረስ የሚሻልበት ጊዜ አለ። መቦርቦሩ ገና ጥርሱን ካላሳመመው ደግሞ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ስለሚባለው ፈሳሽ ጠይቁ። ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ተቀብቶ ብስባሹን ሊገታ ይችላል፤ ቦታውን ግን ያጠቁረዋል።

ክሊኒክ ስትመርጡ ከመድኃኒቱ ስም በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጥርሱ ሲሠራ ልጁን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ራሱ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክስጅንና ለልጅ የሚሆን ማስተንፈሻ፣ እንዲሁም የሚዳዞላምን ኃይል የሚሽረው ፍሉማዜኒል በእጅ መኖር አለባቸው። ሽሮፑን ቤት አጠጥታችሁ ኑ ከተባላችሁ አትቀበሉ፤ መንገድ ላይ አተነፋፈሱ ቢዳከም የሚረዳው አይኖርም።

ልጁ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ ወይም ኤሪትሮማይሲን አለዚያም ክላሪትሮማይሲን እየወሰደ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሁለቱ መድኃኒቶች የሚዳዞላምን ኃይል ያጠነክራሉ። ከሽሮፑና ከሙሉ ማደንዘዣ በፊት የተለመደው ከምግብ መታቀቢያ፣ ለውኃ 2 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለቀላል ምግብና ለሌላ ወተት 6 ሰዓት ነው።

ሽሮፕ የጠጣን ልጅ ሁለት ሰው ሆናችሁ ውሰዱት። አንዱ ሲነዳ ሌላው አጠገቡ ይቀመጥ፤ እንቅልፍ የተጫነው ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር መንገዱ ይጠባልና ቀና ማድረግ ያስፈልጋል። ቤት ከገባም በኋላ መርፌው እስኪለቀው ድረስ የደነዘዘ ከንፈሩን እንዳያኝክ ጠብቁት።