ውድቅ የተደረገውን የቤታችንን ማስፋፊያ በይግባኝ ላስፈቀደችልን የፕላን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ለንደን ውስጥ ቤት ገዝታችሁ ለማስፋት ለምታስቡ ወገኖች ይጠቅማል በማለት ይህን ምስጋና በይፋ ለመጻፍ ወደድሁ። ቤታችን የቀድሞ ገጽታው እንዲጠበቅ በተከለለ ሠፈር ውስጥ፣ በተርታ ተያይዘው ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ነው። በጓሮው በኩል 4.5 ሜትር የሚወጣ፣ ፎቅ የሌለው ማስፋፊያ ለመሥራት ያቀረብነውን ማመልከቻ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) የጎረቤትን ብርሃን ይጋርዳል፣ ከአካባቢውም ገጽታ ጋር አይስማማም በማለት ውድቅ አደረገው።

በእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለው የመኖሪያ ቤት ይግባኝ ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ በ12 ሳምንት ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ይግባኞችን ለሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት መቅረብ አለበት። ክፍያ የለውም፤ ሆኖም መከራከሪያው በሙሉ ከይግባኙ ጋር አብሮ መግባት ስላለበት፣ የተረሳውን በኋላ ለመጨመር የሚገኘው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

ባለሙያዋ የካውንስሉን ሪፖርት መስመር በመስመር ካነበበች በኋላ፣ በዚያ ሠፈርም ቢሆን በተርታ ቤት ጓሮ እስከ 3 ሜትር የሚወጣ ማስፋፊያ፣ የከፍታና መሰል ገደቦችን እስካከበረ ድረስ፣ ያለ ማመልከቻ ሊሠራ እንደሚችል አስረዳችን። ስለዚህ ክርክሩን በተረፈችው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ብቻ አሳረፈችው፤ ብርሃን መጋረዱ የሚለካበትን የ45 ዲግሪ መስመር ከጎረቤት መስኮት መሐል በፕላኑ ላይ አስምራም ብርሃኑ እንደማይጋረድ አሳየች። ባለቤቴ እናቷ የሚያርፉበት ክፍል እንደሚያስፈልገን በሰፊው እንዲጻፍ ፈልጋ ነበር። ባለሙያዋ ግን ሕንፃው ከቤተሰብ ሁኔታ በላይ ስለሚቆይ ይህ ብዙም ሚዛን እንደማይደፋ በትሕትና ገልጻ አስቀረችው።

ይግባኙን እንዲወስኑ የተመደቡት ኢንስፔክተር ቦታውን አይተው ይግባኙን ተቀበሉ፤ ግድግዳው ከነባሩ ጡብ ጋር በሚመሳሰል ቁሳቁስ እንዲሠራም ግዴታ አስቀመጡ።

ከሁሉ ይልቅ ለሌሎች እንድጠቁማት ያደረገኝ ሐቀኝነቷ ነው። ኢንስፔክተሩ የሚወስኑት በዚያው ውድቅ በተደረገው ንድፍ ላይ በመሆኑ፣ ንድፉ ራሱ መታረም ያለበትን አንድ ወዳጃችንን ይግባኙን ትተው አሻሽለው እንደገና እንዲያመለክቱ ነግራ፣ ሥራውን ሳትቀበል መልሳቸዋለች።

ስልኳን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉ የውሳኔውን ደብዳቤና የካውንስሉን ሪፖርት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ አስቀድማ የምትጠይቀው እነዚህን ነው።